ካርዱ ላይ የሌለው ማሊያ

ሥራዬ ውድድር በቀጥታ ማስተላለፍ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አትሌቲክስ። አዲስ ልጅ ወደ ክፍላችን ሲመጣ ግን መጀመሪያ የማስደምጠው የሩጫ ስርጭት አይደለም። በ1967 እ.ኤ.አ. የተካሄደውን የግራንድ ናሽናል የፈረስ ውድድር ነው።

ግራንድ ናሽናል ሊቨርፑል ውስጥ ኤይንትሪ በሚባለው ሜዳ የሚካሄድ የመሰናክል ውድድር ነው። ርቀቱ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፈረሶቹ 30 ጊዜ ይዘላሉ። ያን ዓመት ኤፕሪል ላይ 44 ፈረሶች ተሰለፉ። ከነሱ አንዱ ፎይናቮን ነበር። የውርርድ ዋጋው 100 ለ 1። እንዲህ ያለ ዋጋ የሚሰጠው ያሸንፋል ተብሎ ለማይታሰብ ፈረስ ነው። አሠልጣኙ ጆን ኬምፕተን እንኳ ቦታው ላይ አልነበረም፤ ሌላ ፈረስ ሊጋልብ ዉስተር ሄዷል። የፈረሱ ባለቤትም አልመጣም። ጋላቢው ጆን ባኪንግሃም ደግሞ ሥራውን ያገኘው ውድድሩ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ከሱ በፊት የተጠየቁት አልፈለጉም።

የሆነው እንዲህ ነው። ፖፓም ዳውን የሚባል ፈረስ ገና መጀመሪያው መሰናክል ላይ ጋላቢውን አጥቶ ባዶውን ከሌሎቹ ጋር ይሮጥ ነበር። 23ኛው መሰናክል ጋ ሲደርስ አልዘለለም። ታጥፎ የመሰናክሉን ፊት በአግድም ይሮጥ ጀመር። ያ መሰናክል በመንገዱ ላይ ካሉት ትንሾቹ አንዱ ነው። ግን ከፊት የነበሩት ፈረሶች በሙሉ እርስ በርስ ተላተሙ። ገሚሱ ወደቀ፣ ገሚሱ አልዘልም ብሎ ቆመ፣ ገሚሱ ወደ ኋላ ዞረ። ጋላቢዎች ከአጥሩ ማዶ ተወረወሩ። ፎይናቮን ከኋላ ስለነበር ባኪንግሃም ትርምሱን አስቀድሞ አየው። ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ወደ ዳር አወጣው፣ ክፍተት አገኘና ዘለለ። ከዚያ በኋላ ብቻውን ነው።

አሁን ራሳችሁን ማይክራፎኑ ጋ አስቀምጡ።

ለቢቢሲ ያንን የመንገዱን ክፍል የሚያስተላልፈው አየርላንዳዊው ማይክል ኦሄር ነበር። ከፊቱ የወደቁ ፈረሶች፣ በእግራቸው የሚሮጡ ጋላቢዎች። ከዚህ ሁሉ መሃል አንድ ጥቁር ማሊያ ብቻውን ሾልኮ ወጣ። ኦሄር አልተንተባተበም። ፎይናቮን ነው አለ፤ ወዲያው። የሌሎቹንም ፈረሶች ስም እየጠራ የሆነውን በቅደም ተከተል ተናገረ። በሙያዬ ከሰማሁት ሁሉ የማደንቀው ይህንን ነው።

እንዴት አወቀው? ኦሄር ከውድድር በፊት ጋላቢዎቹ የሚለብሱበት ክፍል ገብቶ የማሊያ ቀለም የማጥናት ልማድ ነበረው። ያን ቀን ቀይና ቢጫ ማንገቻ ያለው አንድ ጥቁር ማሊያ አየ። አላወቀውም። የፕሮግራሙን ካርድ አገላበጠ፣ የለም። ለባሹን ራሱን ጠየቀው። ለባሹ ባኪንግሃም ነበር። ካርዱ ላይ ለፎይናቮን የታተመው አረንጓዴ ያለበት ቀለም ነው፤ አረንጓዴ ገደ ቢስ ነው ተብሎ ተቀይሯል። ካርዱን ብቻ ይዞ የተቀመጠ ሰው ቢሆን በዚያች ቅጽበት ዝም ይል ነበር፤ ወይም የሌላ ፈረስ ስም ይጠራ ነበር።

አንድ ባልደረባዬ «ይሄ እኮ ዕድል ነው» ይለኛል። ለፈረሱ አዎ፣ ትልቅ ዕድል ነው፤ አልክድም። ኦሄር ግን ያን ጥያቄ የጠየቀው ማንም ስለማያስበው ፈረስ ነው። ለዚያ ሰዓት ከሚመጣው ነገር ጋር ምንም የሚያገናኘው አልነበረም። ልማዱ ስለሆነ ጠየቀ።

እኛም ጋ ችግሩ ያው ነው። 10,000 ሜትር ላይ የኛ ልጆች አንድ ዓይነት ማሊያ ለብሰው ይሮጣሉ። ደረት ላይ ያለው ቁጥር በሌላ ሯጭ ይሸፈናል። አንዳንዴ ሁለቱ የአባታቸው ስም ሳይቀር ይመሳሰላል። ስለዚህ ማሟሟቂያ ቦታ ወርዶ ጫማ ማየት፣ የፀጉር አሠራር ማየት፣ የእጅ አጣጣል ማየት ያስፈልጋል። ያልታወቀውን ልጅ ደግሞ «ስምህን ንገረኝ» ማለት ነው። የሚያፍሩ ጀማሪዎች አሉ፤ እንዲያፍሩ አልፈቅድላቸውም።

ፎይናቮን በ15 የፈረስ ርዝመት ብልጫ አሸነፈ። ብዙ ውርርድ የተያዘለት ሃኒ ኤንድ እንደገና ተመልሶ ዘልሎ ቢያሳድደውም ሁለተኛ ነው የሆነው። መሰናክሉ ዛሬ በፎይናቮን ስም ይጠራል።

ልጆቹ ስርጭቱን ሰምተው ሲጨርሱ የሚቀጥለውን ውድድር የተሳታፊዎች ዝርዝር እሰጣቸዋለሁ። ጥናቱን የሚጀምሩት ባስመዘገበው ሰዓት ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ከተቀመጠው ሯጭ ነው። ሻምፒዮኑን ከወዲሁ ያውቁታል።