ጥምጥሜን አውልቄ ከጠበልተኞች ጋር የከረምኩበት ጊዜ

ቄስ ታክሲ ውስጥ ሲገባ ወሬው ይቀየራል። የሚበሳጨው ዝም ይላል። ያዘነው ፈገግ ይላል። «አባቴ ይባርኩኝ» ይባላል፣ መስቀል ይሳለማሉ። ክብሩ ለመስቀሉ ነውና ደስ ይለኛል። ግን ሰው ምን እያብሰለሰለ እንደሚያድር በዚህ መንገድ አይሰማም። የደብር አስተዳዳሪ ሲኮንማ ጭራሽ ይብሳል።

ጥቅምት 14 የገብረ ክርስቶስ መርዓዊ በዓል ነው። የንጉሥ ልጅ ሆኖ፣ ማንም ሳያውቀው በገዛ አባቱ ደጅ እንደ ለማኝ ኖረ፤ የአባቱ አገልጋዮችም እጣቢ ይደፉበት ነበር። አንድ ዓመት ገድሉ ሲነበብ፣ እኔም ማንነቴ ሳይታወቅ ከሰው መሃል ልክረም የሚል ሐሳብ ጸናብኝ። ሱባኤ ልገባ ነው ብዬ ተሰናበትኩና እንጦጦ ወጣሁ፣ ጠበሉ አካባቢ።

እውነቱን የነገርኩት ለንስሐ አባቴና እዚያ ላሉት አባት ብቻ ነው። ጥምጥሜን አውልቄ አሮጌ ኮትና ጋቢ ለበስኩ። ጺሜን አልነካሁትም፤ እዚያ ጺማም ሞልቷል። ስለ ሥራዬ ለጠየቀኝ አልዋሸሁም። «ልጸልይ ነው የመጣሁት» ስል ማንም አልገፋበትም፤ ሁሉም የየራሱ ጭንቅ አለበት። ከሌሎች ጠበልተኞች ጋር አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራየን። ጎህ ሳይቀድ ቢጫ ጀሪካን ይዘን እንሰለፋለን፣ ከተጠመቅን በኋላ ቆሎ እንካፈላለን።

በግቢው የምትኖር አንዲት እናት ሻይ ታፈላልን ነበር። አንድ ማለዳ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ኪኒን አወጣች። ዞር ብላ በጠበል ዋጠችው። አየችኝ። «ወንድሜ፣ አደራ ለአባቶች እንዳትነግርብኝ» አለች። የኤችአይቪ መድኃኒት ነው። አገሯ ሳለች አንድ አባት «ኪኒን ከያዝሽ እምነትሽ ጎዶሎ ነው» ብለዋታል። መድኃኒቱን መተው ፈራች፣ ጠበሉን መተውም አልሆነላት። ስለዚህ እየተደበቀች ትውጣለች።

ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል። እኔም ከዐውደ ምሕረት ደጋግሜ ብየዋለሁ። እሷ ጋ አልደረሰም። እዚያው ነገርኳት፤ «አንተ በምን አውቀህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ጋቢ የለበሰ ጠበልተኛ ነኝ። እዚያ ያሉትን አባት ለመንኳቸው፣ በማግሥቱ ከጥምቀት በኋላ ለሁሉም አስረዱ። እሷ አለቀሰች። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ ቋጠሮ የፈታችው እሷ ብቻ አልነበረችም።

ከዚያ ወዲህ የገባኝ ይኼ ነው፦ ምእመን ካህን ፊት ጥያቄ ሲያነሳ የተጠራጠረ ይመስለዋል። ስለዚህ ዝም ይላል፣ እኛም ዝምታውን እንደ መስማማት እንቆጥረዋለን። በማይክ የተነገረ ሁሉ ደረሰ ማለት አይደለም።

ሌላም ሰማሁ። የምትሰጠው ስለሌላት፣ የለጋሾች ስም በማይክ ሲጠራ ላለመሸማቀቅ ቅዳሴ ሳያልቅ የምትወጣ ልጅ አለች። በእኛ ደብር አሁን ስም አይጠራም። ከቅዳሴ በኋላም ካህናቱ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ የፈለገ ቀርቦ ለብቻው ይጠይቃል። መጀመሪያ ላይ የሚመጣ አልነበረም፣ አሁን ወረፋ አለው።

ይህን ልትሞክሩ ለምታስቡ አባቶች አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ቄስ መሆናችሁን ሳያውቅ የነገራችሁን ሰው ነገር እንደ ኑዛዜ ጠብቁለት። ከእንጦጦ ከመውረዴ በፊት ለእናትየዋም ለልጅቷም ማንነቴን ነግሬያቸዋለሁ። እዚህ የጻፍኩትም ስማቸው ሳይነሳ ሌላው እንዲማርበት ስለፈቀዱልኝ ነው።