ጀርባቸውን ለማየት ብሪምፊልድ ድረስ

ብሪምፊልድ ማሳቹሴትስ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በዓመት ሦስት ጊዜ ግን፣ በሜይ፣ በጁላይና በሴፕቴምበር፣ መንገድ 20 ግራና ቀኙ በድንኳን ይሞላና የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ከየአቅጣጫው ይጎርፍባታል። እኔ የሄድኩት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእንስሳ ቅርጽ ለተሠሩ የድሮ ብሮሾች፣ ልብስ ላይ ለሚሰኩት ጌጦች። ወርቅና አልማዝ አይደሉም፣ አርቴፊሻል ናቸው። በጣም እወዳቸዋለሁ።

ማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ ገባሁ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ዶሮው፣ እንቁራሪቱ፣ ፑድል ውሻው፣ ዓይኑ በቀይ ፈርጥ የተሠራው ወፍ ሁሉ አንድ ትሪ ላይ ተዘርግፏል። ሁሉም ያብለጨልጫል፤ ስለዚህ ፊታቸው ብዙም አይነግረኝም። ማጉያ መነጽሬን አውጥቼ እየገለበጥኩ ጀርባቸውን ማየት ጀመርኩ፤ ዕድሜያቸው የሚታወቀው እዚያ ነው።

ትሪፋሪ የሚል የጌጥ ኩባንያ ማህተም ካለና አጠገቡ ክብ ውስጥ የገባችው የቅጂ መብት ምልክት ካለች፣ ብዙውን ጊዜ ከእ.ኤ.አ. 1955 ወዲህ የተሠራ ነው። ኩባንያው አርቴፊሻል ጌጥም የቅጂ መብት እንደሚገባው በፍርድ ቤት ያስወሰነው በዚያ ዓመት ነው። ስተርሊንግ፣ ማለትም ብር፣ የሚል ጽሑፍ ሳይ ደግሞ ልቤ ይመታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቆርቆሮና መሰል ብረቶች ለጦር ሥራ ስለተፈለጉ ጌጥ ሠሪዎቹ ወደ ብር ዞሩ፣ ብሩንም ወርቅ እየቀቡ ሸጡት። ጄሊ ቤሊ የሚባሉት፣ ሆዳቸው ሉሳይት ከሚባል ጥርት ያለ ፕላስቲክ የተሠራው እንስሳት፣ የነዚያ ዓመታት ልጆች ናቸው። የትሪፋሪ ዋና ዲዛይነር አልፍሬድ ፊሊፕ የሚደነቀው በነሱ ነው፣ ሲያንሰው ነው እላለሁ! አንዲት ዓሣ አገኘሁ፤ ብርሃን ላይ ሳነሳት ሆዷ ላይ ጭረት የለም። ሻጯ አዛውንት ሲጠቀልሉልኝ «ውሃ እንዳይነካት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከፈርጦቹ ጀርባ ያለው ስስ ቅብ ውሃ ከገባበት ይጠቁራል፣ አንዴ ከጠቆረ ደግሞ አይመለስም። አረንጓዴ ዝገት የያዘ ብሮሽ ግን የቱንም ያህል ቢያምር ትቼው አልፋለሁ።

ከዚያ ወደ ፕሮቪደንስ ነዳሁ። ሮድ አይላንድ ያለችው ይቺ ከተማ የአሜሪካ አርቴፊሻል ጌጥ ዋና መፍለቂያ ነበረች፤ ዛሬም የጌጣጌጥ ሰፈር የሚባል አካባቢ አላት። እዚያ በ1929 የተሠራው ኮሮ የሚባለው የጌጥ ኩባንያ ፋብሪካ ሕንፃ አሁንም ቆሟል። ፊት ለፊቱ ቆሜ መስኮቶቹን ወደ ላይ እያየሁ ብዙ ቆየሁ፤ ያ ሁሉ የጉጉት ወፍና የፈረስ ብሮሽ የወጣው ከዚህ ነው።

የኮሮ ዱዌት የሚባለው ሁለት ክሊፕ አንድ ላይ ተገጥሞ አንድ ብሮሽ የሚሆን ነው፣ ሲፈልጉ ደግሞ ለየብቻ ይደረጋል። ብዙዎቹ ጀርባ ላይ 1798867 የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩ በ1931 የተመዘገበው የመገጣጠሚያው ፓተንት ነው እንጂ የብሮሹ ዕድሜ አይደለም፤ «የ1931 ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት። የዱዌቶቹን ጥንድ ጉጉቶች ገና አላገኘኋቸውም። በሴፕቴምበር ብሪምፊልድ እመለሳለሁ።