የማልችለውን ለእሱ የሰጠሁበት ክረምት

እግዚአብሔር ይመስገን። ሥራህን በሰው ፊት እመሰክራለሁ ብዬ ተስዬ ነበር፤ ስለቴን ልክፈል።

ታናሽ እህቴ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። 2012 ዓ.ም. እዚያ ላሉ ልጆች ምን ዓይነት ዓመት እንደነበር ዘመድ ያለው ያውቀዋል። የሊባኖስ ገንዘብ ወደቀ። በመንግሥት ተመን 1,500 ሊራ ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዚያ ክረምት በጥቁር ገበያ ከ7,000 በላይ ገባ። ብዙ ማዳሞች "ዶላር የለም" ብለው ደሞዝ አቆሙ። አንዳንዶቹም ሴቶቹን ከነሻንጣቸው አምጥተው ቆንስላችን ደጅ ጥለዋቸው ሄዱ። የእህቴ ማዳም አላባረረቻትም። ግን ደሞዟንም ፓስፖርቷንም ከለከለቻት። በካፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ሳታስፈቅድ ከቤቱ ከወጣች ሕገወጥ ትባላለች።

እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ምን ላድርግ? ሌሊት እየተነሳሁ ኢሞ ላይ መቼ እንደገባች አያለሁ። ሰኔ 23 አገራችን ውስጥ ኢንተርኔት ሲዘጋ ያቺም ቀረች። እህል አልወርድ አለኝ።

አንድ ሌሊት እማዬ ቁጭ ብዬ አገኘችኝ። ዳዊቷን ገለጠችና አንድ መስመር ብቻ አነበበችልኝ፦ "እነሆ፥ እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም።" ቀጥላም "እሱ ካልተኛ አንቺ ለምን ታድሪያለሽ ቁጭ ብለሽ?" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ጸሎቴ ተለወጠ። በእጄ ያለውን ለይቼ መያዝ ጀመርኩ። ለትኬቷ ብር አጠራቅማለሁ። እሷን የሚያውቁ ልጆችን ስልክ እየጠየቅሁ እይዛለሁ። የማዳሟን ልብ፣ የሊራውን ነገር፣ የተዘጋውን መንገድ ግን አንድ በአንድ እየጠራሁ "ጌታዬ፣ ይሄ ያንተ ነው" እላለሁ። ጠዋት የሰጠሁት ማታ ተመልሶ ይመጣል። እንደገና እሰጠዋለሁ። ሰው አንዴ አምኖ የሚገላገል ይመስለዋል፤ እኔ ላይ ግን በየቀኑ የሚደገም ነገር ነው የሆነው።

ሐምሌ 28 ማክሰኞ ነበር፣ የወሩ አማኑኤል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ የቤሩት ወደብ ፈነዳ። መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ተከማችቶ የቆየ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ነው ይባላል። እህቴ የምትሠራው አሽራፊየህ ነው፤ ከወደቡ ብዙም አይርቅም። ስልኳ አይጠራም። የያዝኩት ቁጥር ላይ ሁሉ ደወልኩ፣ መልእክት ተውኩ። ከዚያ በእጄ ያለው አለቀ።

ከእማዬ ጋር ተንበርክከን "አማኑኤል ሆይ፣ ያንተው ናት" አልን። እኔም ተኛሁ።

ልመሰክር የመጣሁት ይህንን ነው። በሕይወት ትኑር አትኑር ሳላውቅ፣ ወሬዋ ሳይደርሰኝ፣ ስንት ወር እንቅልፍ የነሳኝ ፍርሃት ከላዬ ተነሳ። ጨክኜ አይደለም፤ እንባዬ ሳይደርቅ ነው የተኛሁት። እንዲህ ያለ ሰላም ከራሴ ሊመጣ እንደማይችል ራሴን አውቃለሁ።

በማግስቱ በጓደኛዋ ስልክ ድምጿ መጣ። በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ በረንዳ ላይ ልብስ ታወርዳለች። የዚያን ቀን ግን ሕፃኑ ምግቡን ራሱ ላይ ደፍቶ ልታጥበው ወደ ውስጥ ገብታ ነበር። የበረንዳው መስታወት እንዳለ ረግፏል። እሷ ክንዷን ተቆርጣ ተሰፋላት፤ ሕፃኑን ምንም አልነካው።

በዚያ ፍንዳታ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። የእነሱም እናቶች ጸልየዋል። የእኔ እህት ለምን ተረፈች ብትሉኝ መልስ የለኝም። ከእነሱ የተሻልን ሆነን እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። ነፍሳቸውን ይማር።

በዚያው ሳምንት ፍልሰታ ገባ። በኮሮናው ምክንያት ራቅ ራቅ ብለን ቆመን አስቀደስን። እማዬ ኪዳነ ምሕረትን እያመሰገነች ስታለቅስ ዋለች።

በ2013 ማዳሟ አገር ጥላ ልትወጣ ሆነ። ፓስፖርቷን በገዛ እጇ ሰጠቻት። እኔ ልለምናት የማልችለውን ሴት እሱ አራራት። ያጠራቀምነው ብር ትኬት ሆነና ቦሌ ሄደን ተቀበልናት።

ቤሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ ልጅ ወይም እህት ያላችሁ፣ የክርስትና ስማቸውን ንገሩኝ። ለጸሎት ስንቆም ከእማዬ ጋር እንጠራቸዋለን።