የላንድሮቨር ትራንስፈር ኦይል ሲል፦ ዘይቱ የእጅ ፍሬኑን ሳይበላው

ላንድሮቨር ሲሪስ 2 ወይም ሲሪስ 3 ከመሃል ሆዱ ዘይት ማንጠባጠብ ከጀመረ ጉዳዩ የዘይት ብቻ አይደለም፣ የፍሬን ነው። የእነዚህ መኪኖች የእጅ ፍሬን ጎማ ላይ የለም። ከትራንስፈሩ (የካምቢዮውን ኃይል ለፊትና ለኋላ ጎማ ከሚያከፋፍለው ሳጥን) ጀርባ፣ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማዎች የሚወስደው ዘንግ፣ ማለትም የኋላው ፕሮፔለር ሻፍት፣ ከሚነሳበት ቦታ ያለው አንድ ታምቡር ነው። ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ቀለበት፣ ኦይል ሲሉ፣ የተቀመጠው እዚያው ታምቡር ውስጥ ስለሆነ፣ የሚያፈሰው ዘይት መሬት ከመድረሱ በፊት የፍሬን ሸራውን ያርሳል። ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ ጭኖ ለሚያቆም ሰው ይሄ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

ከመፍታታችሁ በፊት ምንጩን ለዩ። የካምቢዮ ዘይት በድኝ ሽታው ከሞተር ዘይት ይለያል። አካባቢውን በናፍታና በብሩሽ አጥባችሁ አድርቁ፣ የጠመኔ ዱቄት ነስንሱና ትንሽ ንዱት፤ መጀመሪያ የሚረጥበው ቦታ ነው ጥፋተኛው። የኪሎሜትር ገመዱ የሚገባበትና የሥረኛው ክዳን ጓርኒሲዮንም ሊያፈሱ ይችላሉ።

ከሁሉ የሚረሳው መተንፈሻው ነው። ትራንስፈሩ የላይ ክዳን ላይ ያለች ትንሽ ነገር ናት፤ የክረምቱ ጭቃና የበጋው አቧራ ይደፍናታል። ዘይቱ ሲሞቅ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋል፣ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በኦይል ሲሉ ከንፈር ገፍቶ ያስወጣዋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻና ባቲ ሲወረድ ሙቀቱ ስለሚጨምር ነገሩ ይብሳል። መተንፈሻው ሳይጸዳ አዲስ ኦይል ሲል ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው።

መለዋወጫ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ልኩ በኢንች ስለሆነ በሚሊሜትር የተሠራ «ተመሳሳይ» ኦይል ሲል ወይ ይላላል ወይ አልገባም ይላል። ቁልፉም እንደዚሁ ነው፦ የፕሮፔለር ሻፍቱ ቡሎኖች 9/16 ኢንች ናቸው፤ 14 ቁልፍ አይገባም፣ 15 ደግሞ ጠርዙን ይልጠዋል።

አሁን አንድ የማልደራደርበት ነገር፦ ፕሮፔለር ሻፍቱ ከተፈታ በኋላ የእጅ ፍሬኑም ሆነ ማርሹ የኋላ ጎማዎቹን አይዙም። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ አራቱም ጎማ በፊትም በኋላም ይታገድ። ደሴ ውስጥ ሜዳ የሚመስለው ሁሉ ሜዳ አይደለም።

ዘይቱን ሞቅ እንዳለ አፍስሱ። አራቱን ቡሎኖች ፈትታችሁ ሻፍቱን ወደ ጎን እሰሩት። መሃል ላይ ያለውን ትልቁን ዳዶ ታምቡሩ ሳይወጣ፣ የእጅ ፍሬኑ ይዞት ሳለ ፍቱ፤ ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይላላ የሚሰካ ሽቦ) ካለው አስቀድማችሁ አውጡ። ሸራው ዘይት ጠጥቶ አልይዝ ካለ፣ ረጅም ብረት በሁለት ቡሎን ፍላንጁ (ፕሮፔለር ሻፍቱ የሚታሰርበት ክብ ብረት) ላይ አስራችሁ መሬት አስደግፉት። ታምቡሩን የያዙት ሁለት ብሎኖች ብዙ ጊዜ ዝገው ይጣበቃሉ፤ ካቻቢቴውን አስገብታችሁ በመዶሻ መታ መታ ካላደረጋችሁ ጭንቅላታቸው ይበላሻል። በውስጡ ያለውን አቧራ በአየር አትንፉ፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ፍላንጁ ሲወጣ ኦይል ሲሉ የሚንሸራተትበትን ቦታ በጥፍራችሁ ዳሱ። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲሱ ኦይል ሲልም ያፈሳል፤ ወይ ስስ የብረት እጅጌ ይልበስ፣ ወይ ፍላንጁ ይቀየር። ዝገት ብቻ ከሆነ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን ብቻ አሹት። በቁመቱ የተፋቀ ጭረት ለዘይት መንገድ ነው።

አሮጌውን ስታወጡ ቤቱን አትጫሩ። የኪሎሜትር ማርሹን የያዘውን ቤት ግን ከትራንስፈሩ አትፍቱ፤ ከጀርባው ያሉት ሺሞች (ስስ የልክ ቆርቆሮዎች) የኩሺኔታውን ልክ የሚወስኑ ናቸው፣ ከተነካኩ ሥራው ሌላ ሥራ ይሆናል።

አዲሱ ሲገባ ስፕሪንግ ያለው ወገን ወደ ዘይቱ ይዙር። ከንፈሩን ዘይት ቀቡት፤ ደረቅ ከንፈር ገና በመጀመሪያው ጉዞ ይቃጠላል። ልኩ የሆነ ቧንቧ ወይም ለጥ ያለ እንጨት አድርጋችሁ ዙሪያውን በትንሽ በትንሹ ምቱ። አንድ ጎን ቀድሞ ከገባ አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ፤ ያዘነበለ ኦይል ሲል ሲመታ አይቃናም። ፍላንጁን ስትመልሱ በዋሸሩ ሥር ትንሽ ማስቲክ አድርጉ፤ ዘይት በሻፍቱ ጥርሶች መካከል ሾልኮ በዳዶው ሥር ይወጣልና። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ዳዶውን ወደማጥበቅ እንጂ ወደማላላት አትሂዱ።

ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም፣ በእሳት ቢለበለብም አይድንም፤ ሲሞቅ ዘይቱን መልሶ ያወጣል። ቀይሩት። ማስተካከያውን ሸራው ታምቡሩን እስኪነካ አጥብቃችሁ ሁለት ቀጭታ መልሱት።

ኢፒ 90 የማርሽ ዘይት ከልክ መመልከቻው ቀዳዳ እስኪፈስ ሙሉ፤ 2.5 ሊትር ገደማ ይይዛል። ኮምቦልቻ ደርሳችሁ ስትመለሱ፣ መኪናው ከበረደ በኋላ የካምቢዮውንም የትራንስፈሩንም ልክ እዩ። የትራንስፈሩ ዘይት ጨምሮ የካምቢዮው ከቀነሰ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ኦይል ሲልም አልፎበታል ማለት ነው።