ለሕክምና ትምህርት ቤት ቃለ መጠይቅ ስዘጋጅ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና ትምህርት ቤት ካመለከቱት አንዱ ነኝ። ማመልከቻው ገብቷል፣ ተጨማሪ ድርሰቶቹም ተልከዋል። የቀረው ቃለ መጠይቁ ነው። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እንደኔው የሚዘጋጁ ልጆች ስላሉ እስካሁን የሠራሁትንና የጠቀመኝን ላካፍላችሁ። ከሁሉ በላይ ማለት የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ መልስ አትሸምድዱ። የምታውቁትን ሰውና በዓይናችሁ ያያችሁትን ነገር ይዛችሁ ግቡ።

ስለ አሠራሩ ባጭሩ። ቃለ መጠይቁ ሁለት ዓይነት ነው። የድሮው ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ማውራት ነው። ሌላው ኤምኤምአይ የሚሉት፣ በተከታታይ የሚደረጉ አጫጭር ቃለ መጠይቆች ነው። የተጀመረው ካናዳ፣ ሃሚልተን ከተማ ባለው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የጀመሩት ሰዎች ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመዋል። ከክፍል ክፍል ትዞራለህ። ጥያቄውን ለማንበብ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይሰጥሃል፤ ከዚያ ገብተህ ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ትናገራለህ። ደወል ሲደወል ወደሚቀጥለው። አንድ ጠያቂ ብቻ ቢሆን ፊትህን ባይወደው አለቀልህ። ብዙ ሰው ለየብቻው ሲመዝንህ ግን የአንዱ ስሜት በሌላው ይካካሳል። አንዱ ክፍል ቢከብድህም የሚቀጥለው ጠያቂ ያንን አያውቅም። እኔ ይኼን አሠራር ወድጄዋለሁ።

የጀመርኩት ከ«ስለ ራስህ ንገረን» ነው። ሐበሻ ቤት ላደገ ሰው ቁጭ ብሎ ራሱን ማወደስ ይከብዳል። ያገዘኝ ነገር ሥራዬን መተረክ ነው። እኔ በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በሲኤንኤነት (በነርስ ረዳትነት) እሠራለሁ። አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት ገላዎን ይታጠቡ ሲባሉ በጣም ይቆጣሉ። መዝገባቸው ላይም «አይተባበሩም» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ማታ ጋደም ብለው ስናወራ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ እንደኖሩ፣ ከሥራ ሲመለሱም ማታ ታጥበው እንደሚተኙ ነገሩኝ። ለነርሷ ነገርኳት፣ የመታጠቢያ ሰዓታቸው ወደ ማታ ተዛወረ፣ ቁጣውም ቀረ።

ይህች ታሪክ ለስንት ጥያቄ እንደምትሆን አስቡት። በቡድን ስለመሥራት ቢጠይቁኝ ከነርሷ ጋር የተነጋገርነውን አወራለሁ። ከአስቸጋሪ ሰው ጋር እንዴት ትግባባለህ ቢሉኝ አዛውንቱ አሉ። ለምን ሐኪም መሆን ፈለግክ ቢሉኝም ከዚያው እነሳለሁ፤ «አይተባበሩም» የተባለ ሰው ምክንያቱን የሚጠይቀው ብቻ እንዳጣ በዓይኔ አይቻለሁና። ስለዚህ ጥያቄና መልስ መጻፌን ትቼ እንዲህ ያሉ የራሴን ታሪኮች በማስታወሻ ደብተር ሰበሰብኩ። ለእያንዳንዱ የምጽፈው ሦስት አጭር መስመር ነው፦ ምን ሆነ፣ እኔ ምን አደረግኩ፣ ምን ተለወጠ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አልጽፍም፤ ከጻፍኩ እሸመድደዋለሁ፣ ከሸመደድኩ ደግሞ ድምፄ ዜና የማነብ ይመስላል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ የሥነ ምግባር ጥያቄው ነው። እህቴ ነርስ ናት፤ በስልኳ ሰዓት እየያዘች የምትጠይቀኝ እሷ ናት። ባለፈው እሑድ ያመጣችው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነው፦ አንዲት እናት ካንሰር እንዳለባቸው በምርመራ ታወቀ። እንግሊዝኛ አይችሉም። ልጃቸው እያስተረጎመች «እባክህ ለእሷ አትንገራት» ብላ ለመነችህ። ምን ታደርጋለህ?

እማዬ ቡና እያፈላች ትሰማ ነበርና ጣልቃ ገባች። «ለበሽተኛ እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት ይነገራል እንዴ? ልቧ ይሰበራል እኮ! ለልጆቿ ነው የሚነገረው» አለች። እህቴ ዞር ብላ «አንቺ ብትሆኚስ እማዬ? ለእኔ ተነግሮ ላንቺ ቢደበቅ ትወጃለሽ?» አለቻት። እማዬ ሲኒዎቹን እየደረደረች ትንሽ አሰበችና «እኔ እንኳን ባውቀው ይሻለኛል። ንስሐዬም አለ፣ የቤቱም ጉዳይ አለ» አለች።

መልሴ ከዚህች ንግግር ወጣ። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ በባህላችን መጥፎ ዜና ዝም ብሎ አይወረወርም። መርዶ እንኳ ሲነገር ማለዳ ነው፤ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ። የሚያስገርመው፣ እዚህ አገር ሐኪሞች የሚማሩት ስፓይክስ የሚባል አካሄድ ከዚህ ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ሲሆን ስድስት ደረጃ አለው። ቦታውንና አብሮ የሚቀመጠውን ሰው ታመቻቻለህ። በሽተኛው እስካሁን የሚያውቀውን ትጠይቃለህ። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ትጠይቃለህ። ከዚያ ትነግራለህ፣ ስሜቱን ትቀበላለህ፣ ቀጥሎ የሚሆነውን ታወራለህ። ትልቁ ልዩነት ሦስተኛው ላይ ነው፤ በሽተኛው ራሱ ይጠየቃል።

አሁን እንዲህ ነው የምመልሰው። መጀመሪያ ልጅቷን ለብቻዋ አነጋግራለሁ፣ የፈራችውን ነገር እጠይቃታለሁ። ቀጥሎ ሙያተኛ አስተርጓሚ አስመጣለሁ፤ ልጅ በእናቷ ሕመም መሐል ቆማ እንድታስተረጉም መጠየቅ ሸክም ነው፣ ቃልም ሊዘለል ይችላል። ከዚያ እናትየዋን እጠይቃለሁ፦ «አንዳንድ ሰው ስለ ሕመሙ ሁሉንም ማወቅ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቤተሰቤ ይስማልኝ ይላል። እርስዎ የትኛውን ይመርጣሉ?» ለልጄ ንገራት ካሉ መብታቸው ነው፣ አከብራለሁ። ቀጥታ «ምን አለብኝ?» ካሉኝ ግን አልዋሽም።

እህቴ በዚህ አትለቀኝም። «ልጅቷ ብትቆጣስ? አስተርጓሚ አያስፈልግም ብትልስ?» ትላለች። እውነተኞቹ ጠያቂዎችም እንዲህ እየገፉ ነው የሚጠይቁት ይባላል፤ ሐሳብህን ታስረዳለህ ወይስ ትጨቃጨቃለህ የሚለውን ለማየት ነው። እዚህ ጋ ሕጉን በጥቂቱ ማወቅ ያረጋጋል። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ለታካሚው ያለ ክፍያ ብቁ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅን ማስተርጎም የሚፈቀደው አጣዳፊ አደጋ ሲኖር ብቻ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሕጉን ለማሳመር ብቻ አልጠቅስም፤ «ልጅቷ ብትከለክልስ» ሲሉኝ ግን የምቆምበት መሬት ይሆነኛል።

«ለምን የኛን ትምህርት ቤት መረጥክ?» ለሚለው ደግሞ ድረ ገጹ ላይ ያለውን መድገም ዋጋ የለውም። ካመለከትኩባቸው አንዱ ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሕክምና ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1868 የተከፈተ ሲሆን፣ ሆስፒታሉ የመጣው ከባርነት ነፃ ለወጡ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1862 ከተቋቋመው ፍሪድመንስ ሆስፒታል ነው። ዛሬ ያለበት ጆርጂያ አቬኑ ከዘጠነኛው መንገድ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር ይደረሳል። ስለዚህ ታሪኩንም፣ ደጃፉ ላይ ያለውን የኛን ሰውም አንድ ላይ አነሳለሁ። ለሌሎቹም እንዲሁ ለእያንዳንዳቸው ብቻ የሚሆን አንድ ምክንያት እየፈለግኩ ነው። ለሁለቱ ገና አላገኘሁም።

ከኮቪድ ወዲህ ብዙዎቹ በዙም ስለሆኑ ካሜራውን በዓይኔ ከፍታ ማድረግንና ሌንሱን እያዩ ማውራትን ለምጃለሁ። ይኼ ቀላል ነው፣ በቶሎ ይያዛል።

አሁን የያዝኩት በመጨረሻ እኔ የምጠይቃቸውን ጥያቄ ነው። አንዱን ወስኛለሁ፦ «ተማሪዎቻችሁ ከአስተርጓሚ ጋር መሥራትን የሚማሩት በስንተኛው ዓመት ነው? እንዴትስ ነው የሚለማመዱት?» መልሱን የምር ማወቅ ስለምፈልግ በሁሉም ዘንድ እጠይቃለሁ። ሌላ ያሰባችሁት ካለ ንገሩኝ። እሑድ ከሰዓት ሰዓት እየያዝን እርስ በርስ መጠያየቅ የምትፈልጉ ካላችሁም ጻፉልኝ፤ እህቴ ጠያቂ ሆና ለመቀመጥ ፈቃደኛ ናት።