ደግ ፊት ያለው ገዳይ

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ፣ ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምሬ ከመሃል ያቋረጥኩትን አንድ ፊልም እስከ መጨረሻው ተቀምጬ አየሁት። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው «ሮድ ቱ ፐርዲሽን» ነው። ያን ጊዜ ለምን እንዳቋረጥኩት አልረሳሁትም፤ ቶም ሃንክስ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ሲመጣ አላምንህም አልኩት። በ«ፊላደልፊያ» እና በ«ፎረስት ጋምፕ» ሁለት ዓመት በተከታታይ ኦስካር የወሰደ፣ ቅንነት ከፊቱ የማይለይ ሰው ረጅም ካፖርት ለብሶ መትረየስ ሲታጠቅ፣ የአባቱን ጫማ ተጫምቶ ቤት ውስጥ የሚንጎራደድ ሕፃን መስሎ ታየኝ። ተዋናዩና ሚናው አይገናኙም ብዬ ፈረድኩና ዘጋሁት።

ወደ ፊልሙ የመለሰኝ መጽሐፉ ነው። ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረክ መጽሐፍ፣ ሲባል ካባ ለብሶ የሚበር ጀግና ብቻ ስለሚታወሰን፣ ይህ ፊልም ማክስ አለን ኮሊንስ ጽፎት ሪቻርድ ፒርስ ሬይነር በጥቁርና ነጭ ከሣለው የ1998 ኮሚክ የተወሰደ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ እኔም ዘግይቼ ነው ያወቅሁት። በመጽሐፉ ውስጥ ሃንክስ የሚጫወተው ገዳይ አባት «የሞት መልአክ» የሚል ቅጽል ስም አለው፤ የታጠቁ ሰዎች ወደ ሞሉበት ክፍል ብቻውን ይገባል፣ ብቻውን ይወጣል፣ የሬሳው ቁጥር ከገጽ ወደ ገጽ ይጨምራል። ይህን ሁሉ ሳነብ አንድም ጊዜ «እንዴት ሆኖ?» ብዬ አልጠየቅሁም። በአንደኛው ሥዕል ሽጉጥ ይነሣል፣ በሚቀጥለው ሰው ወድቋል፤ በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ያለችውን ባዶ ክፍተት የሞላሁት እኔው ራሴ ስለሆንኩ፣ የራሴን ሥራ የምጠራጠርበት ምክንያት አልነበረኝም። ካሜራ ግን ያችን ክፍተት አያውቃትም። ተዋናዩ ክፍተቷን በእግሩ ማቋረጥ፣ በመካከሏ መተንፈስ፣ መዞር፣ የመሣሪያውን ክብደት መሸከም አለበት። ኮሚክን ወደ ፊልም መመለስ ከባድ የሚሆነው፣ ለእኔ እንደሚታየኝ፣ ከልብሱና ከፍንዳታው ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። የተሣለ ፊት ከዚያ መጽሐፍ በፊት የኖረው ሕይወት የለውም፤ ተዋናይ ግን ቀድሞ የሠራቸውን ሰዎች ሁሉ በፊቱ ይዞ ይመጣል። ተዋናይን በአንድ ዓይነት ሚና የሚያስሩት ገንዘባቸውን ያወጡ ፕሮዲውሰሮች ናቸው ሲባል እሰማለሁ፤ የተፈተነ ነገር መድገም ለእነርሱ ስለሚያዋጣ ነገሩ እውነትነት አለው። ከፊልሙ ያስነሣኝ ግን ፕሮዲውሰር አልነበረም። ሰውዬውን በደግነት ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን በኪሴ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

በትምህርት ቤት የድራማ ክበብ ሳለሁ ድምፄ ገና በልጅነቴ ስለወፈረ፣ ድርሰቱ ምንም ይሁን ምን የአባት ሚና የእኔ ነበር። አንድ ጊዜ ለምኜ የሌባ ሚና ተሰጠኝ፤ መድረክ ላይ ወጥቼ የመጀመሪያዋን ቃል ስናገር ተመልካቹ ሳቀ። ልጆቹ የጠበቁት ምክር እንጂ ስርቆት አልነበረም። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ያም ሆኖ ካደግሁ በኋላ ያንኑ ሳቅ በሌላ ሰው ላይ ስስቅ አልተሰማኝም።

ማይክል ኪተን ይህን ሳቅ በብዙ እጥፍ ቀምሶታል። በኮሜዲ የሚታወቀው ይህ ተዋናይ ከኮሚክ ለተወሰደው የ1989 ፊልም፣ ለ«ባትማን»፣ ሲመረጥ፣ ለፊልም ኩባንያው 50,000 ያህል የተቃውሞ ደብዳቤ እንደደረሰ ይነገራል። ፊልሙ ከወጣ በኋላ ተቃውሞው ረገበ። የሚገርመኝ ደግሞ ተዋናዩ የቀረው መሣሪያ ማነሱ ነው፤ ጭምብሉ ከዓይኑ፣ ከአፉና ከአገጩ በቀር ሁሉን ይሸፍነዋል፣ የልብሱ አሠራር አንገቱን ለብቻው ማዞር ስለሚከለክለው ዞር ማለት ሲፈልግ መላ ሰውነቱን ማዞር ግድ ሆነበት። ያ ግትርነት የገጸ ባሕርዩ ግርማ ሆኖ ቀረ። ሂዩ ጃክማንም በኮሚኩ 160 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን ዎልቨሪን የተባለ አጭር ጀግና በ188 ሴንቲ ሜትር ቁመቱ ተጫውቶት፣ ዛሬ ብዙ ሰው ገጸ ባሕርዩን በእርሱ መልክ ነው የሚያስታውሰው።

የትወና ስፋት ሲባል ግን ከሁሉ በፊት ትዝ የሚለኝ በ1978ቱ «ሱፐርማን» ክሪስቶፈር ሪቭ በሥራ ባልደረባው በሎይስ ሌን ቤት ውስጥ የሚቆምባት አጭር ትዕይንት ናት። ሴትዮዋ ወደ ሌላ ክፍል ገብታለች። ሱፐርማንነቱን የሚሰውርበትን መነጽር ያወልቃል፣ የጎበጠው ትከሻው ይቃናል፣ ድምፁ ይጎረንናል፤ ምስጢሩን ሊነግራት ከጀመረ በኋላ ድፍረት ያጥረውና መነጽሩን መልሶ ያ አፋር ጋዜጠኛ ይሆናል። በኮሚኩ ውስጥ አንድ መነጽር ሰውን ከዓለም ሁሉ ይሰውራል መባሉ ለአሥርት ዓመታት ሲቀለድበት የኖረ ነገር ነው፤ ሪቭ ግን ያንን ደካማ ሰበብ በጀርባ አጥንቱ አሳመነን። ብዙ ጊዜ ስፋት የምንለው ተዋናዩ የለወጣቸውን ልብሶች ቆጥረን ነው። ይህ ሰው ያንን ያህል ርቀት የሄደው ከቆመበት ሳይነቃነቅ ነበር። በ1982 «ዴዝትራፕ» በተባለው ፊልም ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ቢሠራም፣ ተመልካች ካባውን ከትከሻው ላይ ለማውረድ ፈቃደኛ አልሆነም።

ወደ ትናንቱ ፊልም ልመለስ። የገዳዩ ልጅ አባቱ ምን እንደሚሠራ አያውቅም፤ ተደብቆ ይከተለውና በጠባብ ክፍተት አጮልቆ ሲያይ አባቱ ሰው ሲገድል ያየዋል። በዚያች ቅጽበት ልጁ የደነገጠው ድንጋጤ የእኔም ነበር፤ ሁለታችንም ይህን ሰው ደግ አድርገን ነበር የምናውቀው። ዳይሬክተሩ ሳም ሜንደስ ፊቱ ለክፋት የተለመደ ተዋናይ ቢመርጥ ኖሮ፣ ልጁ ብቻውን ይደነግጥ ነበር፣ እኔ ደግሞ ተደላድዬ እቀመጥ ነበር። ያኔ ከፊልሙ ያባረረኝ ነገር ለካ ሆን ተብሎ የተቀመጠልኝ ነበር። በዚያው ፊልም በመልከ መልካምነቱ የታወቀው ጁድ ሎው፣ በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ፣ የሬሳ ፎቶ የሚያነሣ ገዳይ ሆኖ ይሠራል፤ ፀጉሩ ሳስቷል፣ ጥርሱ ተበላሽቷል። እውነቱን ለመናገር ያኛው ብዙም አልያዘኝም፣ ድካሙ ፊቱ ላይ ይታያል። ሃንክስ ከሪዙ በቀር ምንም አልጨመረም። (በነገራችን ላይ ልጁን ሆኖ የሠራው ታይለር ሄክሊን አድጎ በቴሌቪዥን ሱፐርማን ሆኗል፤ ይህን ሳስታውስ ብቻዬን ሳቅሁ።)

መጽሐፉ በየገጹ የሚያሳየውን ግድያ ፊልሙ አብዛኛውን ይሰውረዋል። በዝናቡ ትዕይንት መጀመሪያ ላይ የተኩሱ ድምፅ አይሰማም፤ ሙዚቃ ብቻ ነው። ሰዎች አንድ በአንድ ይወድቃሉ፣ በጨለማው ውስጥ የእሳት ብልጭታ ይታያል፣ ተኳሹ ግን አይታይም፤ ልክ በሁለት ሥዕሎች መካከል እንዳለችው ክፍተት፣ የጎደለውን እንድሞላ ለእኔ ተትቶልኛል። እዚያ ላይ አቆምኩና ወደ ኋላ መልሼ ደግሜ አየሁት። በሁለተኛውም ጊዜ፣ ሰውዬው ከጨለማው ቀስ ብሎ ሲወጣ ፊቱ ያው የማውቀው ደግ ፊት ነበር፤ እኔ ግን ወንበሬ ላይ ወደ ኋላ ሸሸሁ።