ሰርቨር ይገዛ ከመባሉ በፊት

ባሕር ዳር ያለ አንድ የግል ክሊኒክ የታካሚ መመዝገቢያ ሲስተሙን የምንከታተልለት እኛ ነን። ሲስተሙ ዲጃንጎ በሚባል የፕሮግራም መሥሪያ ማዕቀፍ የተሠራ ነው፤ መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ፖስትግረስ ነው። ካርዱ ትንሽ ሳለ ሁሉም ደስተኛ ነበር። እየበዛ ሲሄድ ግን የስም ፍለጋው እየከበደ መጣ። ሰኞ ጠዋት የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ከበር ውጭ ይደርሳል።

ከዘጌ በጀልባ የሚመጡ ታካሚዎች አሉ። ጀልባው ከሰዓት ይመለሳል፤ ካመለጣቸው ወይ በመኪና ዞረው ይሄዳሉ፣ ወይ ዘመድ ቤት ያድራሉ። የካርድ ክፍሏ ልጅ ደወለችልን። «እማማ ትንሽ ቁጭ ይበሉ እያልኩ መዋል ሰለቸኝ። እባካችሁ አንድ ነገር አድርጉ» አለች።

ሥራ አስኪያጁ አዲስ ሰርቨር ለመግዛት ፕሮፎርማ ማሰባሰብ ጀምረው ነበር። «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱን፤ መጀመሪያ ዳታቤዙ ምን ላይ እንደሚደክም እንይ» አልናቸው። እሺ አሉ።

ፖስትግረስ «ኤክስፕሌይን አናላይዝ» የሚባል ትእዛዝ አለው። ጥያቄውን በየት መንገድ እንደመለሰና ጊዜው የት እንደሄደ ያሳያል። ያሳየን «ሴክ ስካን» ነው፤ ማለትም ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ አነበበው። የስም ዓምዱ ላይ ኢንዴክስ፣ ማለትም እንደ መጽሐፍ ማውጫ ፍለጋ የሚያፋጥን ዝርዝር፣ ነበር። ፖስትግረስ ግን አልተጠቀመበትም።

ምክንያቱ ይህ ነው። በላቲን ፊደል የተመዘገቡ ስሞች አሉ፤ አንዱ መዝጋቢ ሁሉንም በትልልቅ ፊደል ይጽፋል፣ ሌላው በትንንሽ። ስለዚህ ፍለጋው ልዩነቱን እንዲያልፍ ዲጃንጎ ላይ «አይኮንቴንስ» (ትልቅና ትንሽ ፊደል ሳይለይ ቃሉን ከስሙ የትም ቦታ የሚፈልግ) ተብሎ ነው የተጻፈው። ይህ ፖስትግረስ ጋ ሲደርስ ዓምዱን በ«አፐር» ወደ ትልልቅ ፊደል ይቀይርና «ላይክ» በሚባለው የጽሑፍ ማመሳሰያ ያወዳድራል። ኢንዴክሱ የያዘው ስሙን እንደተጻፈ ነው። ጥያቄው የሚመጣው በተቀየረው ስም ነው። አይገናኙም። በዚያ ላይ ከቃሉ በፊት የፐርሰንት ምልክት አለ፤ «ከፊቱ ምንም ይኑር» ማለት ነው። ተራው ቢ-ትሪ ኢንዴክስ ደግሞ በቅደም ተከተል የተደረደረ ነው። የስሙ መነሻ ካልታወቀ ከየት ይጀምር?

ለዚህ የሚሆነው የፖስትግረስ የትራይግራም ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ መሣሪያ) ነው። ቃሉን ሦስት ሦስት ፊደል እየቆረጠ ይይዛል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው ከፖስትግረስ 9.1 ጀምሮ «ላይክ»ንም በኢንዴክስ ያግዛል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ጂን የሚባለውን፣ ቁርጥራጮቹን የሚይዘውን ኢንዴክስ ያለ «አፐር» በዓምዱ ላይ ይሠራና ለውጥ ሲያጣ ኤክስቴንሽኑን ያማርራል። ዲጃንጎ የሚጠይቀው በ«አፐር» ስለሆነ ኢንዴክሱም በ«አፐር» ላይ መሠራት አለበት። ከዲጃንጎ 3.2 ወዲህ ይህን ሞዴሉ (ሠንጠረዡን የሚገልጸው ኮድ) ውስጥ መጻፍ ይቻላል። እኛ «ኮንከረንትሊ» ብለን ሠራነው፤ ምዝገባው ሳይቆም ተጠናቀቀ። ፍለጋው ስሙ ተጽፎ ሳያልቅ መልስ የሚሰጥ ሆነ። የሰርቨሩ ነገር እዚያው ቀረ።

የአማርኛው ጉዳይ ግን አልተነካም፤ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝም እሱ ነው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ «አፐር» ለአማርኛ ስም ምንም አይፈይድም። የእኛ ችግር ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ነው። ፀሐይ እና ጸሀይ ነው። መዝጋቢዋ አንዱን ጽፋ ካጣች አዲስ ካርድ ትከፍታለች። ያኔ የአንድ ሰው የሕክምና ታሪክ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ሐኪሙ የሚያየው ግማሹን ነው። ከዝግታ ይልቅ ይህ ያስፈራል።

ስለዚህ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ የሚያመጣ ትንሽ ፈንክሽን፣ ፊደልን በፊደል በሚተካው በ«ትራንስሌት» ጻፍን። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፤ ከነእርባታቸው። ሃን እና ኣንም አልረሳንም። ፈንክሽኑ «ኢሚውተብል» (ለአንድ ቃል ሁልጊዜ ያንኑ ውጤት የሚሰጥ) ተብሎ መመዝገብ አለበት፤ አለበለዚያ ፖስትግረስ ኢንዴክስ አይሠራበትም። የሚፈለገውም ቃል የተመዘገበውም ስም በዚሁ ያልፋሉ። ካርዱ ላይ የሚታየው ስም ግን አይነካም። ሰው ስሙን እንዴት እንደሚጽፍ የሚወስነው እሱ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። የአማርኛ ስም አጭር ነው። ሳባ በላቲን አራት ፊደል ናት፣ በእኛ ሁለት። ሁለት ፊደል ከስም መሃል ሲፈለግ ትራይግራም (የሦስት ፊደል ቁራጭ) አይወጣውም፤ ኢንዴክሱም አይረዳም። ከስሙ መጀመሪያ ሲፈለግ ግን ከስሙ በፊት ያለው ክፍት ቦታ እንደ ፊደል ስለሚቆጠር ይሠራል። ስለዚህ ሁለት ፊደል ብቻ ሲጻፍ ሲስተሙ ከስም መነሻ እንዲፈልግ አደረግን።

የተደገሙትን ካርዶች ማዋሃዱን ለማሽን አልሰጠነውም። ሲስተሙ ተመሳሳይ የሚመስሉትን ጎን ለጎን ያወጣል፤ የካርድ ክፍሏ ልጅ የእናት ስም፣ ዕድሜና ስልክ አመሳክራ ታጸድቃለች። ካልታወቀ ሁለቱም ባሉበት ይቆያሉ፤ ታካሚው ራሱ ሲመጣ ይጠየቃል።